ምዕራፍ ሰባት፦ አሮጌ መኪናን መጠገንና ማደስ

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁን? እስካሁን ሊያገለግል የቻለው በምን ምክንያት ይመስላችኋል?
2. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከእጅ ሥራ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
3. «መጠገን» እና «ማደስ» በሚሉት ቃላት መካከል ምን ልዩነት አለ?

ለ. ምንባብ

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን መኪና ይዞ ከጅቡቲ በመነሣት፣ በረሃውን አቋርጦና አቀበቱን ወጥቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ከከተማይቱ ደረሰ። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ጎማ የሚጠገንበት ሥፍራ አልነበረም። መንገዱም ቢሆን የእግረኛና የጭነት ከብት መንገድ እንጂ የመኪና መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መኪናውን ይዞ የተነሣ ሰው ብልሽቱን በገዛ እጁ የሚያቃና መሆን ነበረበት።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለ እጆች በሥራቸው ምክንያት እንዳይሰደቡና እንዳይናቁ የሚያዝ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ አጋጣሚው ትምህርት አለው፤ መኪና ያለ ባለ እጅ አይሄድምና። ብረት ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር መኪና ገዝቶ ማምጣት ይቻላል፤ ሲበላሽ ግን እንደ ቆመ ይቀራል።

የአሜሪካ መኪኖች በኢትዮጵያ በብዛት መታየት የጀመሩት የኢጣልያ ወራሪ ጦር ከተባረረ በኋላ ነው። በየካቲት ወር 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በግብፅ አገር፣ በመራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ውስጥ በተገናኙ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ ለንጉሠ ነገሥቱ አራት ወታደራዊ መኪኖች በስጦታ ሰጡ። በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ ባለሙያዎች ርዳታና በዓለም ባንክ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ መንገድ ሠሪዎቹ መኪኖችና መሣሪያዎችም አብረው መጡ። ጂፕ፣ ፎርድ፣ ሼቭሮሌትና ዶጅ የሚሉት ስሞች ከኢጣልያኑ ፊያትና ከጀርመኑ ቮልስዋገን ጋር በየጋራዡ የሚነሡ ስሞች ሆኑ። ከነዚህ ሁሉ ዝናው የገነነው ጂፕ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ኩባንያዎች ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ጂፖችን ሠርተዋል። አሠራሩ ቀላል ስለ ነበረ፣ በጥቂት መፍቻዎች በሜዳ ላይ ሊፈታና ሊገጠም ይችል ነበር።

አሮጌ መኪና የታሪክ ምስክርም ነው። ኢትዮጵያ እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና በመንገዱ ግራ በኩል የሚነዳባት አገር ነበረች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ተዛወረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት አነስተኛ ቮልስዋገን ነበር። ያ ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ የሚታይ ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ መኪኖች ከሚታዩት ቅርሶች መካከል ሆኑ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ብረትና ጎማ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑን ኑሮ የሚያስረዳ ቅርስም ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው አሮጌ መኪናውን የሚይዘው ለታሪክ ብሎ ሳይሆን ለኑሮው ሲል ነው። በአገራችን የመኪና ዋጋ ምን ጊዜም ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የገባው መኪና ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ያገለግላል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ከዚያም ከታጣ በቶርኖ ቤት ተቀርጾ ይሠራል።

ለዚህ ሙያ ትልቁ ትምህርት ቤት ረጅሙ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሞያሌ ላይ ድንበሩን የተሻገረ ነጂ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ይነዳል፤ በኬንያ ሕግ የሚነዳው በግራ ነውና። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲጓዝ የዋልዳ ቆላ ይቀበለዋል። ዋልዳ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ከአገራቸው የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደተኞች ካምፕ ተጠልለው የነበሩበት ሥፍራ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት አቧራና ድንጋይ ብቻ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ መኪናው የቆመበት ነጂ የሚጠራው ጋራዥ አልነበረውም። ያለው ሀብት ጥቂት መፍቻ፣ ጀሪካን ውኃ፣ ሽቦና የገዛ አእምሮው ብቻ ነበር።

ቆላውና ደጋው በሞተር ላይ የሚያመጡት ችግር የተለያየ ነው። በቆላው ከፍተኛ ሙቀት ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንዳለ ተንኖ ወደ ሞተሩ መፍሰሱን ሊያቆም ይችላል። ይህ ሲሆን ጥሩ መፍትሔ የሚሆነው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ፣ በነዳጅ ቱቦውም ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠምጠም ነው። በደጋው ደግሞ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በመሆኑም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ይፈላል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራተርም በደጋው ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥቀርሻ ይጠቁራል።

አሁን አንድ አሮጌ መኪና በማለዳ አልነሣ አለ እንበል። ልምድ የሌለው ሰው ወዲያው ባትሪውን ይለውጣል፤ ባይሆንለት ካንዴላውን፣ አሁንም ባይሆንለት ካርቡራተሩን ይፈታል። ገንዘቡ ያልቃል እንጂ መኪናው አይነሣም። የሠለጠነ ሰው ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ሞተር እንዲነሣ እሳት፣ ነዳጅ፣ አየርና በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ ግፊት ያስፈልጉታል። የጠፋው ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ነውና፣ እያንዳንዱን በተራ ይመረምራል።

የመጀመሪያው ምርመራ በመብራት ይደረጋል። የፊት መብራቱ በርቶ ሳለ ሞተሪኖውን ለማስነሣት ሲሞከር፣ መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የባትሪው ጫፎች ዝገው ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብለዋል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ጥፋቱ በሞተሪኖው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው።

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ሁለተኛው ምርመራ በእሳት ላይ ይሆናል። አንድ ካንዴላ ተፈትቶ ከሽቦው ጋር እንደ ተያያዘ፣ የብረት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲነካ ተደርጎ ሞተሪኖው ይዞራል። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳት አለ ማለት ነው። ብልጭታ ካልታየ የእሳት አከፋፋዩ ክዳን መሰንጠቁ፣ ሽቦው መርጠቡ ወይም እሳት የሚያቋርጡት ነጥቦች መቃጠላቸው ይፈተሻል። ይህ ምርመራ የቤንዚን ሽታ ባለበት ፈጽሞ አይደረግም፤ ሽቦውም በባዶ እጅ አይያዝም።

ሦስተኛው ምርመራ በነዳጅ ላይ፣ አራተኛው በአየር ላይ ነው። ብዙ ዘመን በቆመ መኪና ውስጥ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ይዝጋል፤ ዝገቱም ማጣሪያውንና የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የአየር ማጣሪያም በአቧራ ሊታፈን ይችላል። እሳቱም፣ ነዳጁም፣ አየሩም ደኅና ሆኖ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ በመጨረሻ የሲሊንደሩ ግፊት በመለኪያ ይለካል። ግፊቱ አንሶ ሲገኝ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ጥሩ ዘዴ ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ ከፍ ካላለ ጥፋቱ ከቫልቩ ወይም ከሞተሩ ራስ ማሸጊያ ነው።

የተፈታ ካንዴላም ለሚያነብበው ሰው እንደ ደብዳቤ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እያለፈ ነው። ነጭና የተቃጠለ መስሎ ከታየ ደግሞ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሙቀት በዝቶበታል።

የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች ለብቻቸው የሚታወቁባቸው ጠባዮችም አሏቸው። ብሎኖቻቸው የተለኩት በሚሊ ሜትር ሳይሆን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ብሎን በ13 ሚሊ ሜትር መፍቻ የሚታገል ሰው የብሎኑን ጠርዝ አድቦልቡሎ ሁለተኛ እንዳይፈታ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የሚሠሩት በ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ ቢያያዙ አምፖላቸው ይቃጠላል። በአንዳንዶቹ፣ በተለይም በዚያ ዘመን ፎርድ ላይ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ነው። ይህን ሳያውቅ አገላብጦ የሚያያይዝ ሰው ዲናሞውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ማጥናት፣ እያንዳንዱን ሽቦ ምልክት ማድረግ፣ ብሎኖቹንም በየዕቃው ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው በወረቀት ላይ በመሣል ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይቻላል።

መጠገን የቆመውን ማስነሣት ነው፤ ማደስ ግን ያረጀውን ወደ ነበረበት ክብር መመለስ ነው። በማደስ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጠላት ዝገት ነው፤ ትልቁ ፈተና ደግሞ ሐቀኝነት ነው። የዛገ ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካትና መበየድ አለበት። ይህ ድካምና ወጪ አለው። አንዳንዱ ሠሪ ግን የበሰበሰውን ብረት እንዳለ ትቶ፣ በላዩ ስቱኮ ይለጥፍና ቀለም ይቀባዋል። መኪናው በዚያው ቀን እንደ ሙሽራ ያምራል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን ቀለሙ አብጦ ይፈነዳል። ዝገቱ በመኪናው ወለልና ተሸካሚ ብረት ላይ ከሆነ ጉዳቱ ከመልክ አልፎ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚያድነው ያ ብረት ነበርና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታደስ የሚገባው ፍሬን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ፍሬናቸው በአንድ የዘይት መሥመር ብቻ ይሠራል። ከቱቦዎቹ አንዱ ቢፈነዳ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊበላ ይችላል። እንግዲህ ብልህ ሰው ሞተሩን ከማስጮኹና አካሉን ከማስዋቡ በፊት መኪናው መቆም መቻሉን ያረጋግጣል። መሄድ የማይችል መኪና ባለቤቱን ያሳዝናል፤ መቆም የማይችል መኪና ግን የሰው ልጅ ይገድላል።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ራሱንም መጠበቅ አለበት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው፤ ጠንካራ መደገፊያ ሊደረግለት ይገባል። ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሣም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበትና። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በቤንዚን ዕቃ ሲታጠብ ከሰል ምድጃና ሲጋራ በአጠገብ አይኖሩም። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ አቧራው በእፍታ ወይም በአየር ግፊት አይራገፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ።

በአጠቃላይ አሮጌ መኪናን ማደስ ትዕግሥትን፣ ሥርዓትንና እውነትን የሚያስተምር ሙያ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ሳይመረምር የሚፈታ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር የያዘ ግን ትንሹን ጥፋት ሳያድግ ያቃናል። የባለ እጅም ክብር የሚለካው በመኪናው ቀለም ድምቀት አይደለም፤ ከቀለሙ ሥር፣ ማንም በማያየው ሥፍራ፣ በሠራው ሥራ ነው።

ሐ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ አጥኑ።

ባለ እጅ — በእጁ ሙያ የሚተዳደር ሠራተኛ
ቆላ — ዝቅተኛና ሞቃት አገር
ጥቀርሻ — ከጭስ የሚከማች ጥቁር ትቢያ
ተነነ — ፈሳሽ ነገር ወደ እንፋሎት ተለወጠ
ላሜራ — ስስ የብረት ገበታ
አድቦለቦለ — ጠርዝ ያለውን ነገር ክብ አደረገ
ሐቀኝነት — እውነተኛነት፣ አለማታለል

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በ1900 ዓ.ም. የተፈጸሙት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ጸሐፊው ያገናኛቸው ስለ ምንድን ነው?
2. በዋልዳ ቆላና በአዲስ አበባ ደጋ ሞተርን የሚያጋጥሙት ችግሮች እንዴት ይለያያሉ?
3. ሞተር እንዲነሣ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ምንድን ናቸው? በምን ቅደም ተከተል ይመረመራሉ?
4. የፊት መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ቢል ጥፋቱ የት ሊሆን ይችላል?
5. ግማሽ ኢንች ብሎን በ13 ሚሊ ሜትር መፍቻ ቢፈታ ምን ይደርሳል? ለምን?
6. «መኪናው በዚያው ቀን እንደ ሙሽራ ያምራል» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፋ? አስረዱ።
7. ከሞተር በፊት ፍሬን መታደስ ያለበት ስለ ምንድን ነው?

ሠ. ሰዋስው

1. «አሽከርካሪ» እና «ተሽከርካሪ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። «አሽከረከረ» ከሚለው ግሥ የወጣው «አሽከርካሪ» የሚነዳውን ሰው ያመለክታል፤ «ተሽከረከረ» ከሚለው የወጣው «ተሽከርካሪ» ደግሞ የሚነዳውን ነገር ያመለክታል። በዚህ አኳኋን ከሚከተሉት ግሦች ስም አውጡና በዓረፍተ ነገር አግቡ፦ አስተማረ፣ ተማረ፣ አከራየ፣ ተከራየ።

2. በሥራ ላይ የምንጠቀምበትን መሣሪያ የሚያመለክት ስም ከግሥ ይወጣል። ምሳሌ፦ ፈታ — መፍቻ፤ ለካ — መለኪያ፤ በየደ — መበየጃ፤ ደገፈ — መደገፊያ። እናንተም ከነዚህ ግሦች የመሣሪያ ስም አውጡ፦ ቆረጠ፣ ጠረገ፣ አጣራ፣ ዘጋ፣ ወለወለ።

ረ. የቃላት አመጣጥ

በጋራዥ ውስጥ የሚነገሩ ብዙ ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ መሣሪያ ማለት ከሆነው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። «ካንዴላ» በኢጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ «ሞተሪኖ» ትንሽ ሞተር ማለት ነው፤ «ካምቢዮ» ለውጥ ማለት ነው፤ «ካላማዳሪ» የአየር ክፍል ከሚለው ሐረግ የተወሰደ ነው። እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ከገቡ በኋላ የአማርኛን የሰዋስው ሥርዓት ይከተላሉ፤ ስለዚህ «ካንዴላዎቹ»፣ «ካምቢዮውን» እንላለን።

ከአካባቢያችሁ ባለ እጆች ጠይቃችሁ ሌሎች አምስት የሙያ ቃላት ሰብስቡ። የእያንዳንዱን ትርጉም ጻፉ፤ ከተቻለም በአማርኛ ሊተካው የሚችል ቃል ፈልጉ።

ሰ. ጽሕፈት

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።

1. አንድን የቤት ዕቃ፣ ለምሳሌ የምድጃ፣ የሬዲዮ ወይም የብስክሌት ብልሽት በቅደም ተከተል እንዴት መመርመር እንደሚቻል አስረዱ። «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያም»፣ «ይህ ካልሆነ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉትን ማያያዣዎች ተጠቀሙ።
2. «አሮጌ ነገር ሁሉ መጣል አለበት» በሚለው አሳብ ላይ ድጋፋችሁን ወይም ተቃውሟችሁን በምክንያት አስረድታችሁ ጻፉ።